የምሥራቁን ትኩሳት ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በትኩሳት ታምሳለች። በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ (ሁለቱም ትንኝ የሚያስተላልፋቸው የቫይረስ በሽታዎች ናቸው)፣ በ2022 ደግሞ በደረቁ ወራት የገነፈለ ወባ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሦስቱም በጤና ጣቢያ በር ሲገቡ መልካቸው አንድ ነው፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት መቆረጣጠም። የሚለያዩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ትክክለኛው ምርመራ በትክክለኛው ቀን ከተሠራ።

ይህን የምጽፈው ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያም ሆነ ለመሥሪያ ቤት ሥራ፣ በሐረርና በድሬዳዋ ስለ ትኩሳት በሽታዎች ምርመራና ሕክምና ጥናት ለመሥራት ለሚነሡ ነው። የስታቲስቲክስ መጽሐፍ የሚያስተምረውን አልደግምም። የማነሣቸው በዚህ ሙቀት፣ በዚህ የውሃ እጥረትና በዚህ የመድኃኒት አጠቃቀም ውስጥ ጥናትን ከሥሩ የሚያናጉትን ነው። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚሠሩት ገና አንድ ጠብታ ደም ሳይቀዳ ነው።

የበሽታውን ስም ከታማሚው ማስቀደም

ብዙ የጥናት ዕቅዶች የሚጀምሩት «ወባ የተጠረጠረባቸው ታማሚዎች» ወይም «የታይፎይድ ምልክት ያላቸው» በሚል ነው። ጠርጣሪው ማን ነው? ካርድ ላይ የጻፈው ባለሙያ። እርሱ ደግሞ የሚጠረጥረው የለመደውን ነው። ስለዚህ ጥናቱ የሚለካው በከተማው ያለውን በሽታ ሳይሆን የባለሙያውን ልማድ ይሆናል።

በ2013 የሆነውን ያስታውሱ። ደንጊ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው ድሬዳዋ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ደንጊን በምርመራ መዘርዝሩ ውስጥ ያስገባ የለም፤ ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም። ወረርሽኙ የታወቀው የወባ ምርመራቸው ነጻ የሆኑ ትኩሳታሞች ሲበዙና «ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው። የምርመራ ጥናት ዋና ሥራም ይኸው ጥያቄ ነው። ወባ የሌለበትን ታማሚ «ነጋቲቭ» ብሎ ከመዝገብ የሚያስወጣ ጥናት እጅግ የሚፈለገውን ሰው እያባረረ ነው።

ስለዚህ መግቢያው ምልክት ይሁን፦ የሰውነት ሙቀቱ ከዚህ በላይ የሆነ፣ ትኩሳቱ ከጀመረው ከዚህ ያህል ቀን ያልበለጠ፣ ዕድሜው ይህ የሆነ። ስሙ በኋላ ይምጣ።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ሲሆን ፍለጋው ይቆማል። ነገር ግን በደሙ ውስጥ የወባ ጥገኛ ያለበት ሰው በዚያው ሳምንት በደንጊም ሊያዝ ይችላል፤ ሁለቱንም የሚያስተላልፉት ትንኞች በድሬዳዋ በአንድ በርሜል ውሃ ውስጥ አብረው ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ፣ ግመልና ፍየል የሚያረባ ሰው ላይ ደግሞ ከእንስሳት የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን ሳያስቡ ማለፍ በሐረርጌ ቆላ ውስጥ ይቅርታ የለውም።

ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን በግምት መሙላት

ከሁሉም ስህተት በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቅ ሆኖ ሳለ ጥናትን እንዳለ ዋጋ ስለሚያሳጣ።

የደንጊ ቫይረስ በደም ውስጥ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ኤንኤስ-1 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ምርመራም ሆነ ዘረ-መሉን የሚፈልገው ፒሲአር ጥሩ የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ ነው። አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን መታየት የሚጀምረው ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ነው። በሁለተኛው ቀን የመጣን ታማሚ በአይጂኤም ብቻ መርምሮ «ደንጊ የለበትም» ማለት፣ በዘጠነኛው ቀን የመጣውን ደግሞ በኤንኤስ-1 ብቻ መርምሮ ያንኑ ማለት፣ ሁለቱም ያው ስህተት ናቸው። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው «የስንተኛ ቀን ደም ነው?» ለሚለው መልስ ካለ ብቻ ነው። የቺኩንጉንያም ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ቀኑ እንዴት ይሞላል? መጠይቁ ላይ «ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነ?» የሚል አንድ መስመር አለ። ታማሚው «ሦስት አራት ቀን» ይላል፤ መረጃ ሰብሳቢው 3 ወይም 4 ይጽፋል። ሌላው «ሳምንት» ሲል 7 ይገባል። መረጃው ሲተነተን በ3 እና በ7 ላይ ተራራ የሚያክል ክምችት ይታያል፤ ሰው ግን በእነዚህ ቀናት እየመረጠ አይታመምም።

መፍትሔው ቀን ማስቆጠር ሳይሆን ቀን ማስታወስ ነው። ጁምዓ ሰላት ሄደው ነበር? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አሞዎት ነበር? ከቁልቢ ገብርኤል ከተመለሱ በኋላ ነው በፊት? በሐረር ከሸዋሊድ በፊት ወይስ በኋላ? በረመዳን ከሆነ የስንተኛው ጾም ላይ? ሥራ ያቆሙት ማክሰኞ ነው ወይስ ረቡዕ? ከዚያ መረጃ ሰብሳቢው ራሱ ይቁጠር። የመጀመሪያው ቀን ዜሮ ነው ወይስ አንድ የሚለውም በመመሪያው ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ግማሹ በዜሮ፣ ግማሹ በአንድ ከጀመረ ሁሉም ይዘበራረቃል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የአቆጣጠር ጉዳይ ነው። ካርዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የፒሲአር ማሽኑና ኮምፒውተሩ ግን በአውሮፓውያን ይቆጥራሉ። የዓመቱ ልዩነት ስለሚያፈጥ ቶሎ ይያዛል። አደገኛው የቀኑ ነው፤ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን በአንዱ፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን በሌላው ተጽፎ ልዩነቱ ሲሰላ ለዓይን የማያጠራጥር ግን የተሳሳተ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ጳጉሜ ስትመጣ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ሶፍትዌር ባዶ ይተወዋል ወይም ወደ መስከረም ይጥለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ደም የተቀዳው «3፡00» ተብሎ ሲጻፍ ጠዋት ማለት ነው፤ ማቀዝቀዣው የመዘገበው 10፡30 ከሆነ ናሙናው ሰባት ሰዓት ተኩል ውጭ የዋለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እንዲህ ተብሎ ደህና ናሙና ሊጣል ይችላል። በቅጹ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሁለት ሳጥን መጨመር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የዊዳልን ውጤት እንደ ፍርድ መቀበል

«ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የማያውቅ ሰው በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አባባል በስተጀርባ ያሉት ሁለት ያረጁ ምርመራዎች ናቸው፦ ዊዳል እና ዌይል-ፌሊክስ። ዊዳል ከ1896 ጀምሮ፣ ሁለተኛው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በሥራ ላይ ናቸው። ዕድሜያቸው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከሚችሉት በላይ መጠየቃቸው ነው።

ዊዳል ባክቴሪያውን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ከዛሬው ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ካለፈው ዓመትም ሊመጣ ይችላል፤ ከክትባትም፣ ከሌላ የሳልሞኔላ ዝርያም፣ አንዳንዴም ከወባ ጭምር። በሽታው ባለበት አገር የሚኖር ጤናማ ሰው ደም ውስጥም ይገኛል። በአግባቡ ይሠራ ከተባለ ከአንድ ሰው ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ልዩነት ደም ተወስዶ መጠኑ አራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። በተግባር ግን አንድ ጠብታ በተንሸራታች መስታወት ላይ ከሪኤጀንት ጋር ይቀላቀላል፣ ይወዛወዛል፣ ከረጋ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ታማሚው ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየተወጋ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ምሳሌ ነው እንጂ የተለካ ነገር አይደለም። አንድ ሺህ ትኩሳታሞች አሉ እንበል፤ ከእነርሱ በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው 20 ናቸው። ምርመራው ካለባቸው መቶ ሰዎች ሰማንያውን ያገኛል፤ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ሰማንያ አምስቱን በትክክል ነጻ ያወጣል እንበል። ካለባቸው 16 ይያዛሉ። ከሌለባቸው 980 ሰዎች ግን 147ቱ በሐሰት «ፖዘቲቭ» ይባላሉ። በድምሩ 163 ሰዎች ታይፎይድ አለባችሁ ተብለዋል፤ እውነተኞቹ 16 ናቸው። ከዐሥሩ አንዱ። ወረቀቱ ላይ ደህና የሚመስል ምርመራ በሽታው በማይበዛበት ሕዝብ ላይ ሲዘረጋ እንዲህ ይሆናል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «የታይፎይድ ስርጭት 16 በመቶ ሆኖ ተገኘ» ብለው የሚደመድሙ ጽሑፎች የሚናገሩት ስለ ዊዳል እንጂ ስለ ታይፎይድ አይደለም። ርዕሳቸውም ያንን ቢል እኔ ቅሬታ የለኝም።

እንግዲህ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አብቅሎ ማየት) ይሠራ ሲባል ሌላ ስህተት ይከተላል፤ ካልቸርን እንደማይሳሳት ዳኛ መቁጠር። ካልቸር ታይፎይድ ካለባቸው ሰዎች የሚያገኘው ግማሽ ገደማውን ነው። ታማሚው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከወሰደ ወይም የተቀዳው ደም ጥቂት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጠርሙስ ስምንት እስከ ዐሥር ሚሊ ሊትር የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሊትር ቀድቶ «አልበቀለም» ማለት ውጤት አይባልም። መለኪያው ራሱ የሚስት ከሆነ አዲሱን ምርመራ በእርሱ ብቻ መመዘን አዲሱን ያለ ኃጢአቱ መኮነን ነው። ማወዳደሪያው ፍጹም እንዳልሆነ በግልጽ መጻፍና ለዚሁ የተዘጋጁትን የስሌት ዘዴዎች መጠቀም ያስፈልጋል። የምርመራ ጥናት እንዴት ተሟልቶ እንደሚጻፍ የሚያሳየው፣ በ2015 የታደሰውና ሠላሳ ነጥቦች ያሉት ስታርድ የተባለው መመሪያ ከዕቅድ በፊት ቢነበብ ይሻላል። ብዙዎች የሚያገኙት መጽሔቱ ሲጠይቃቸው ነው፤ ያኔ ደሙ ተቀድቶ አልቋል።

የወባ ኪት ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲታይ ነገሩ አለቀ ማለት

በስፋት የሚሠራባቸው የፋልሲፓረም (የከፋው የወባ ዓይነት) ፈጣን መመርመሪያዎች፣ ማለትም ኪቶቹ፣ የሚፈልጉት ኤችአርፒ-2 የተባለ፣ ጥገኛው የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ-መል የጠፋበት ጥገኛ ግን ኪቱን አታልሎ ያልፋል። ነገሩ መጀመሪያ የተዘገበው በ2010 ከፔሩ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ አካባቢዎች መኖሩን አሳየ። በ2022 የድሬዳዋን ወረርሽኝ ያጠኑት ተመራማሪዎችም ይህ መጥፋት ያለባቸው ጥገኞች በከተማው እንዳሉ አረጋግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ከመቶ አምስት ሲደርሱ ኪቱ እንዲቀየር ይመክራል።

ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ በኪት ብቻ «ወባ የለም» ብሎ የሚዘጋ ጥናት የሚያመልጡትን ጥገኞች መቁጠር አይችልም። በማይክሮስኮፕም ይታይ፤ ከደረቀ የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ለፒሲአር የሚሆን ናሙናም ይቀመጥ።

ወደ ሌላው ጎንም መውደቅ አለ። ኤችአርፒ-2 ጥገኛው ከሞተ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያል። ከሁለት ሳምንት በፊት የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምን ጨርሶ የዳነ ሰው ዛሬ በጉንፋን ቢያተኩስ ኪቱ «ወባ» ሊለው ይችላል። «ባለፈው አንድ ወር ለወባ ታክመዋል?» የሚለው ጥያቄ ከመጠይቁ ሲጎድል የመድኃኒት መላመድ የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር ይፈጠራል።

ሙቀቱንም አይርሱት። በአብዛኞቹ ኪቶች ሳጥን ላይ የተጻፈው የማከማቻ ሙቀት ከፍተኛው 30 ወይም 40 ዲግሪ ነው። በግንቦትና በሰኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ የድሬዳዋ መጋዘን ውስጥ ቴርሞሜትር ይስቀሉና ይዩ። ሐረር ላይ በደህና የሰነበተ ኪት ድሬዳዋ ሲወርድ ሌላ ኪት ነው። የሙቀት መዝገብ የሌለው የኪት ጥናት ውጤቱ የጥገኛው ይሁን የመጋዘኑ አይታወቅም።

ስለ ማይክሮስኮፕ በአጭሩ፦ ወፍራሙ የደም ቅብ አንድ መቶ የእይታ መስኮች ሳይታዩ «የለም» አይባልም፤ አንባቢዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ የሌላውንም የኪቱንም ውጤት አይወቅ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይግባ። ይህ ሁሉም የሚያውቀው፣ በጥድፊያ ቀን ሁሉም የሚዘለው ነገር ነው።

ወባን ከዝናብ ጋር ብቻ መፈለግ

የቆየው እውቀት እንዲህ ይላል፦ ዝናብ ይዘንባል፣ ኩሬ ይቋጥራል፣ ትንኝ ይፈላል፣ ወባ ይመጣል። የናሙና መሰብሰቢያ ወራትም በዚሁ ይቆረጣሉ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ለገጠሩ አሁንም እውነትነት አለው። ለድሬዳዋ ግን ታሪኩ ተለውጧል።

አኖፊለስ ስቴፈንሲ የእስያ ትንኝ ናት። በአፍሪካ ቀንድ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። የምትወደው ኩሬና ረግረግ ሳይሆን ሰው ያጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ነው፤ በርሜል፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ሮቶ፣ የግንባታ ቦታ የውሃ ማጠራቀሚያ። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰው ውሃ አታጠራቅም አይባልም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደርቆ እያለ በየግቢው ውሃ አለ። በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ በድሬዳዋ ከ2,400 በላይ የወባ ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ በ2019 የተመዘገቡት 205 ነበሩ። በወረርሽኙ ጥናት ወቅት ከተያዙት አዋቂ የአኖፊለስ (የወባ) ትንኞች ውስጥ 97 በመቶዎቹ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። ያም በደረቁ ወራት ነው።

ይህ ለተመራማሪ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው፣ ጥናቱ የዓመቱን ዙር ካልሸፈነ ስለ ከተማው ወባ መናገር አይችልም። ሁለተኛው የትንኝ አጠማመዱ ነው። በመኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰቀለው የብርሃን ወጥመድ ለቆዩት የወባ ትንኞች የሚበጅ ሆኖ ሳለ ስቴፈንሲን በቀላሉ አይዝም። የከብትና የፍየል በረት፣ የውሃ ገንዳው ዙሪያ፣ የትንኟ እጭም በበርሜሉ ውስጥ መፈለግ አለበት። ወጥመዱ ባዶ ሆኖ አደረ ማለት ትንኝ የለም ማለት አይደለም። በዚያው በርሜል የደንጊና የቺኩንጉንያ አስተላላፊዋ ኤዴስ ኤጂፕቲም ትገኛለች፤ ቀን የምትነክስ፣ እንቁላሏ ደርቆ ለወራት የሚቆይ። ለአንዱ በሽታ ብቻ ትንኝ መሰብሰብና ሌላውን መድፋት የሚያስቆጭ ብክነት ነው።

ሐረርና ድሬዳዋን እንደ አንድ ቦታ መቁጠር

በመኪና ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ ግን ሰባት መቶ ሜትር ያህል ይለያያሉ። ሐረር ውስጥ ወባ የተገኘበት ሰው የት እንዳደረ ሳይጠየቅ «የሐረር ወባ» ተብሎ ሲቆጠር አያለሁ። ነጋዴው ድሬዳዋ ያድራል፣ ሾፌሩ ጂጅጋና ጅቡቲ ይመላለሳል፣ ተማሪው ቅዳሜና እሑድ ወደ ቆላ ወደ ቤተሰቡ ይወርዳል። ያለፉት ሁለት ሳምንታት ማደሪያዎች ካልተጻፉ በሽታው የተመዘገበበትና የተያዘበት ቦታ ይቀላቀላል።

የሆስፒታልን ታማሚ የከተማው ሕዝብ አድርጎ መውሰድም የዚሁ ወንድም ነው። የሐረሩ ሕይወት ፋና ወይም የድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል የደረሰ ሰው መንገድ ላይ ብዙ ወንፊት አልፏል፦ ጸበል ወይም ቁርዓን አስቀርቷል፣ መድኃኒት ቤት ሄዷል፣ ጤና ጣቢያ ታይቷል፣ ትራንስፖርት አግኝቷል። ቀላሉ ሕመም ቤት ቀርቷል፤ እጅግ የከፋውም አንዳንዴ ሳይደርስ ሞቷል። ስለ ሕዝቡ መናገር የሚፈልግ ሰው ሕዝቡን የሚቆጥር መሠረት ያስፈልገዋል። ዕድለኛ ሆኖ ይህ አካባቢ አለው፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቀርሳ ከ2007 ጀምሮ፣ በኋላም በሐረር ከተማ ልደትን፣ ሞትንና ዝውውርን በየቤቱ እየተከታተለ ይመዘግባል። ቻምፕስ የተባለው የሕፃናት ሞት መንስኤ ጥናትም በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው ከሞቱ ሕፃናት በመርፌ ትንሽ ናሙና እየወሰደ እውነተኛውን መንስኤ የሚፈልገው። ካርድ ላይ የተጻፈው የሞት ምክንያትና ላቦራቶሪ ያገኘው ምን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር።

መድኃኒት ቤቱን መርሳት

«መድኃኒት ወስደዋል?» ሲባል «አልወሰድኩም» የሚለው ሰው ኪስ ውስጥ ግማሽ ያለቀ አሞክሳሲሊን ሊኖር ይችላል። አይዋሽም፤ ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት አይለውም። «ለሕመሙ ምን ወሰዱ? ከየት ገዙ? ማሸጊያው አለዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ የሚታወቁትን እንክብሎች ደርድሮ ማሳየት፣ መልሱንም ሲተነተን ለይቶ ማየት ይገባል።

ትኩሳት ሲበርድ ጥናቱን መዝጋት

በሕክምና ጥናቶች ላይ የሚበዛው ይህ ነው። ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ይወርዳል። የመድኃኒቱ አቅም ግን የሚታወቀው ቢያንስ በ28 ቀን ክትትል ነው። ጥገኛው ከተመለሰም ያው የቀድሞው ይሁን ከአዲስ ንክሻ የመጣ በፒሲአር ካልተለየ «መድኃኒቱ ከሸፈ» ማለትም «ሠራ» ማለትም አይቻልም። በድሬዳዋ ወረርሽኝ ውስጥ የኮአርተም መሠረት ለሆነው ለአርቴሚሲኒን ከፊል መላመድ ምልክት የሆነው፣ ኬልች-13 በተባለው የጥገኛው ዘረ-መል ላይ የሚታይ ለውጥ በመገኘቱ ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ጥገኛው ከደም ጠፍቶ እንደሆነ ማየት እንደ ማስጠንቀቂያ ያገለግላል፤ የፈውስ ማረጋገጫ ግን አይሆንም።

ሌላው የወባ ዓይነት ቫይቫክስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ክሎሮኪን የደሙን እንጂ የጉበቱን አይነካም። ለዚህ ፕሪማኪን ለ14 ቀናት ይሰጣል። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የጎደለበት ሰው ላይ ግን ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላልና ሳይጠየቅና ሳይታይ የሚሰጥ አይደለም። ተመልሶ የመጣን ቫይቫክስ ሁሉ የክሎሮኪን ውድቀት አድርጎ መቁጠር መድኃኒቱን ያልተሰጠውን ሥራ ባለመሥራቱ መክሰስ ነው።

በደንጊ ላይ ይኸው ስህተት ሰው ይገድላል። ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ማፍሰስ የሚጀምሩት ያኔ ነው። ጠንካራ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ ድንገተኛ መዛል ሲታዩ ታማሚው ወዲያው ሆስፒታል ያስፈልገዋል። «ትኩሳቱ ስለወረደ ከክትትል ወጣ» ብሎ የሚጽፍ የጥናት ቅጽ የሚያሰናብተው በአደገኛው ሰዓት ነው። ለደንጊ ቫይረሱን የሚገድል የታወቀ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ፈሳሽና ጥብቅ ክትትል ነው። ለሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይሰጡም፤ የመድማትን አደጋ ያብሳሉ። የመገጣጠሚያ ሕመሙ ቺኩንጉንያ የሚመስል ሰው ላይም ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ የዲክሎፌናክ መርፌው ይቆይ። ጥናቱ ውስጥ ያሉ ነርሶች ይህን በጽሑፍ ይያዙት።

ደሙን ወስዶ መጥፋት

ሰዎቹ ደማቸውን የሰጡት ውጤት ለመስማት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ በመጽሔት የሚወጣ ውጤት ለታማሚው ምንም አይጠቅመውም። የሚታከም ነገር ከተገኘ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ የሚደርስበት መንገድ በዕቅዱ ውስጥ በስም ይጻፍ፤ ማን ይደውላል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ስልክ የሌለውን ማን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይነግረዋል። የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ ብቻ ተዘጋጅቶ ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛ ወይም ለሐረሪ ተናጋሪ በቃል እየተረጎሙ ማስፈረም የተለመደ አቋራጭ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊያልፈው አይገባም። ናሙናው ከጥናቱ በኋላ የሚቀመጥ ወይም ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ይህ በተለየ መስመር ተጽፎ በተለየ ፊርማ ይጠየቅ። ታማሚው ለዛሬው ምርመራ «እሺ»፣ ለማስቀመጡ «እምቢ» ማለት እንዲችል ሁለት ሳጥን ይኑር፤ «እምቢ» ያለው ሰው ቱቦ ላይም በቀላሉ የሚታይ ምልክት ይለጠፍበት፤ ከዓመት በኋላ ማቀዝቀዣውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነውና።